የሚመታህ ጥይት ድምፁ ይሰማሃል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ነገሩን በአጭሩ ነው ያስቀመጠው። የሚመታህን ጥይት ድምፅ አትሰማውም ይባላል፤ እውነት ነው ወይስ ወሬ? ከዚያ መልሱንም ራሱ አስከተለ። ጥይት ከድምፅ ይፈጥናል። ስለዚህ ተኩሱ ጆሮ ጋ ሳይደርስ ጥይቱ ደርሶ ሥራውን ጨርሷል። የሚያከራክር ነገር የለውም ባይ ነው። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቷል።

እንዲህ ያለ ልጥፍ መቼም መልስ አያጣም። እኔ ስደርስ ከ30 በላይ መልሶች ተደርድረውበት ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ግማሹ ደህና ፊዚክስ ነው፤ ሩብ ያህሉ ንትርክ፤ የቀረው መንገድ የሳተ ጨዋታ። ቁም ነገሩን በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የማይረባውን እዘለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 ወዲያው ተስማማ። አሃዝም ይዞ መጣ። 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የክላሽ ጥይት ደግሞ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይበራል። እጥፍ በላይ ነው፣ ጨዋታው አለቀ አለ።

ቁጥር 2 ከታሪክ ጨመረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቪ-1 የተባለው የጀርመን በራሪ ቦምብ ለንደን ላይ ሲመጣ ሞተሩ ከሩቅ ይሰማ ስለነበር ሰዉ ሮጦ ይደበቅ ነበር። ሴፕቴምበር 1944 ላይ የጀመረው ቪ-2 ግን ከድምፅ ፈጥኖ የሚወርድ ሮኬት ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ፍንዳታው ነበር። የመምጣቱ ጉርምርምታ የሚከተለው ከወደቀ በኋላ ነው። መምጫውን ከሄደ በኋላ የሚያሰማ መሣሪያ፤ ጉድ ነው።

እዚህ ድረስ ሁሉም በሰላም ነበር። ቁጥር 3 ላይ ጡረታ የወጡ ወታደር ገቡ። ልጄ እያሉ፣ በትሕትና ነው የጻፉት። አጠገባቸው የሚያልፍ ጥይት ምን እንደሚል ያውቁታል። መጀመሪያ ጯ የሚል ስለታም ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ ድም ይላል። በሁለቱ መሐል ያለውን ክፍተት በልባቸው እየቆጠሩ ተኳሹ ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምቱ ነበር። እናም ጥይት ድምፅ አልባ ነው የሚመስለው ሰው ተተኩሶበት የማያውቅ ነው ብለው ዘጉ። ለስለስ ያለች ጉንተላ ናት፤ ግን አልሳተችም።

ቁጥር 4 የወታደሩን ሁለት ድምፅ ይዞ ፊዚክሱን አብራራው። ጥይት ፊቱ ያለውን አየር ይገፋል። ከድምፅ ቢዘገይ ኖሮ የግፊቱ ወሬ ቀድሞት ይሄድና አየሩ ገለል ይልለት ነበር። ከድምፅ ሲፈጥን ግን አየሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ባለበት ይጨፈለቃል። ግፊቱ፣ ሙቀቱና እፍጋቱ በአንዴ ይዘላሉ። ሾክ ዌቭ የሚባለው ይህ ነው። ዝላዩ የሚካሄድበት ስፋት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። ጀልባ ከኋላዋ ሞገድ እንደምትተው ጥይቱም ሾጣጣ ሞገድ እየጎተተ ይሄዳል። ፍጥነቱ የድምፅ እጥፍ፣ ማለትም ማኽ 2 ሲሆን፣ የሾጣጣው ጠርዝ ከጥይቱ መንገድ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። ሲፈጥን ይጠባል። ጯ የሚለው ያ ሾጣጣ ጆሮን ሲያልፍ ነው። ድም የሚለው የአፈሙዙ ነው።

ከጽሑፉ ሥር ምስል አያይዟል። የፊዚክስ ሊቆቹ ኤርንስት ማኽ እና ፒተር ዛልኸር በ1887 ይፋ ካደረጉት ሥራ የተወሰደ የጥይት ፎቶ ነው። ዘዴው የአየርን እፍጋት ልዩነት ብርሃንና ጥላ አድርጎ ያሳያል። ጥይቱ መሐል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከአፍንጫው ትንሽ ቀደም ብሎ የተለጠጠ ቀስት የመሰለ መስመር አለ። ከጭራውም ሌላ መስመር ይወጣል። ከኋላው የተተራመሰ አየር ተንጠልጥሏል። በዚያ ዘመን ካሜራ በሰከንድ መቶዎች ሜትር የሚበር ነገር እንዲህ ጥርት አድርገው መያዛቸው አሁንም ይገርመኛል።

ቁጥር 5 አመሰገነና ወዲያው ተሳሳተ። ጯ የሚለው ጥይቱ የድምፅን አጥር ሲሰብር፣ በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው አለ። ቁጥር 7 ምሕረት አላደረገለትም። የቁጥር 4ን ጽሑፍ አንብበህ ነው ወይስ ምስሉን ብቻ አይተህ የሚል ነገር ጻፈ። ሾጣጣው ጥይቱ ከድምፅ በላይ እስከበረረ ድረስ አይለየውም። መንገዱ ዳር የቆመ ሁሉ በየተራው ይሰማዋል። ኮንኮርድ አውሮፕላንም እንዲሁ ነበር፤ ከድምፅ በላይ በሚበርበት መስመር ሥር ያለ ሁሉ ነጎድጓዱ ይደርሰው ነበር። አብራሪው አጥሩን ከሰበረ ቢቆይም ነጎድጓዱ አይቆምም። ቁጥር 7 ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ለአንድ ቀላል ስህተት በዛ።

በመሐል ያለው ቁጥር 6 ቀልደኛ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለውን ተረት ጣል አድርጎ ሄደ። ሰዉ በሳቅ ምልክት አጥለቀለቀው። ነገሩ ግን ውሃ ያነሳል። ጅራፍ የሚጮኸው ገላ ስለነካ አይደለም፤ ባዶ አየር ላይም ይጮኻል። ቁጥር 8 ይህን አስፍቶ ጻፈ። በ2002 የታተመ ጥናት ድምፁ የሚወጣው በገመዱ ላይ ከሚሮጠው እጥፋት መሆኑን አሳይቷል። እጥፋቱ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ሾክ ዌቭ ይፈጠራል። በዚያ ሰዓት ጫፉ ራሱ የዚያን እጥፍ ይበራል። ቁጥር 8 በዚያው አያይዞ ስለ ድምፅ ማፈኛ ተናገረ። ማፈኛ አፈሙዝ ላይ የሚፈነዳውን ጋዝ ያበርዳል፣ ያዘገያል። የጥይቱን ጯታ ግን ምንም አያደርገውም። ያንን ለማጥፋት ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት ያስፈልጋል።

ቁጥር 9 የጻፈው አንድ መስመር ነው። ከምን ያህል ርቀት ነው የምታወሩት? አለቀ። ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። እስከዚያ ሁሉም ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ የነበረውን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ይዞ የሚሄድ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ቁጥር 10 ጥያቄውን ይዞ ሒሳብ ሠራ። በግምት ነው፣ ግን ደህና ግምት ነው። 300 ሜትር ላይ የክላሽ ጥይት በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፤ የተኩሱ ድምፅ 0.88 ሰከንድ ይፈጅበታል። 500 ሜትር ላይ ጥይቱ በ1 ሰከንድ ይደርሳል፤ ድምፁ በ1.47። ግን አየሩ ጥይቱን እየበላው ነው። 500 ሜትር አካባቢ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ወርዷል። እናም ቁጥር 10 ደመደመ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ወዲህ ያለ አይሰማም፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ይሰማል።

ቁጥር 11 በስድብ የተሞላ ስለሆነ ዘለልኩት።

ቁጥር 12 በጨዋ ደንብ አረመው። ጥይቱ ዘገየ ማለት ተቀደመ ማለት አይደለም። 500 ሜትር ላይ ሲደርስ የአፈሙዙ ድምፅ ገና ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ኋላ ቀርቷል። ያንን ክፍተት ለመዝጋት ጊዜ ይፈልጋል። ጥይቱ ከዚያ በኋላ በአማካይ በሰከንድ 260 ሜትር ቢጓዝ ቀሪውን 500 ሜትር በ1.92 ሰከንድ ይጨርሳል። በድምሩ 2.92 ሰከንድ። የተኩሱ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው በ2.94 ሰከንድ ነው። እኩል ለእኩል ናቸው። ድምፁ ጥይቱን የሚቀድመው ከዚያ በኋላ ነው። የአሁኑን ፍጥነት ሳይሆን አማካዩን ነው ማየት ያለብን አለ።

ቁጥር 13 በክላሽ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ማን ያነጣጥራል ብሎ አፌዘ። ማንም አልመለሰለትም። ጥያቄው ስለ ማነጣጠር አልነበረማ።

ቁጥር 14 መጣና ሁሉንም አንድ እርምጃ አስኬደ። ሁላችሁም የአፈሙዙን ድምፅ ብቻ ነው የምትከተሉት አለ። ጥይቱ ራሱ ይጎትተው የነበረው ሾክ ዌቭስ የት ሄደ? ጥይቱ ከድምፅ በታች ሲወርድ ሞገዱ አብሮት አይዘገይም። እሱ ቢያንስ በድምፅ ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከጥይቱ ፊት ተላቆ ብቻውን ወደፊት ይሮጣል። በቁጥር 12 አሃዝ ቢሰላ፣ 700 ሜትር ላይ ያ ሞገድ በ1.59 ሰከንድ ይደርሳል፤ ጥይቱ በ1.77፤ የተኩሱ ድምፅ በ2.06። እየደከመ ይሄዳል እንጂ ቀድሞ ይደርሳል። እንግዲህ ከ500 ሜትር ወዲያ የቆመ ሰው ጥይቱ ሳይደርስበት የራሱን የጥይቱን ጯታ ሊሰማ ይችላል። የአፈሙዙ ድምፅ ገና በመንገድ ላይ እያለ።

ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀባብለው እዚህ ደረሱ። ቁጥር 10 የደረሰበት መደምደሚያ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን የተሳሳተ። ቁጥር 12 ምክንያቱን አፈረሰበት። ቁጥር 14 ደግሞ መደምደሚያውን በሌላ ምክንያት መለሰለት። 700 ሜትር ላይ ጯታው ጥይቱን የሚቀድመው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ለማምለጥ አይበቃም። ጥያቄው ግን መስማት ነበር።

ወታደሩ ቁጥር 16 ላይ ተመልሰው ከሩቅ የመጣ፣ የደከመ ጥይት ጯ እንደማይል፣ ሲያልፍ እንደሚያፏጭ ጻፉ። ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል። አጠገብህ ሲደርስ ሾጣጣ የለውምና።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተካረረ። ቁጥር 17 ከትምህርት ቤት የምናውቀውን ቀመር አመጣ። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተህ ለስበት ፍጥንጥነት ታካፍላለህ፤ በ45 ዲግሪ ሲተኮስ የሚደርስበት ርቀት ይወጣል። ለክላሽ 52 ኪሎ ሜትር አገኘ። ስለዚህ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ከድምፅ በታች ወረደ የምትሉት ውሸት ነው አለ። ቁጥር 18 ሙድ ያዘበት። 52 ኪሎ ሜትር የሚመታ ክላሽ ካለህ መድፈኞች ሥራ ይፈታሉ ብሎ። እውነተኛው ርቀት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥር 17 ተናደደ። ጋሊልዮ ነው ወይስ አንተ የምትበልጠው እስከማለት ደረሰ።

ያበረዳቸው ቁጥር 19 ነው። ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የተወረወረ ነገር በፓራቦላ፣ ማለትም ወጥቶ በሚወርድ ቀስት መሰል መስመር፣ እንደሚሄድ አሳይቷል። ነገር ግን አየሩ መንገዱን እንደሚያዛባ፣ በተለይ በጣም በሚፈጥኑ ጥይቶች ላይ፣ እሱም አውቆታል። የአየሩን ጉልበት በደንብ የለካው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1742። ዘዴው ቀላል ነው። ከባድ እንጨት አንጠልጥሎ ይተኩስበታል። እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይቶ የጥይቱን ፍጥነት ያሰላል። ከቅርብ ይተኩሳል፣ ከሩቅ ይተኩሳል፤ ልዩነቱ አየሩ የበላው ነው። ውጤቱ የዘመኑን ሰው አስደነገጠ። አየር ከቁጥር የማይገባ ነገር መስሏቸው ነበር። የድምፅ ፍጥነት አካባቢ ሲደርስ ተቃውሞው በድንገት እንደሚጨምርም ታዝቧል። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር መጽሐፉን በ1745 ወደ ጀርመንኛ የመለሰው የራሱን ሰፊ ማብራሪያ ጨምሮበት ነው። ቁጥር 19 በመጨረሻ አንድ አሃዝ ጣለ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ አየሩ ወደኋላ የሚገፋው ኃይል ከጥይቱ ክብደት ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ስበትን ቆጥሮ አየሩን መተው ዋናውን ትቶ ትርፉን መያዝ ነው።

ቁጥር 20 ለቁጥር 17 ያዘነለት ይመስላል። ቀመሩ የሚቀርብበትም ቦታ አለ ብሎ ጀርመኖች በ1918 ፓሪስን የደበደቡበትን መድፍ አነሳ። ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት ነበር የሚተኩሰው። የጥይቱ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አፈሙዙ ከ45 ዲግሪ ከፍ ይደረግ ነበር። ምክንያቱም ጥይቱ ቶሎ ወጥቶ አየሩ የሳሳበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው 45 ዲግሪው የሚያስፈልገው። እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣ ነበር። እዚያ ላይ አየር የለም ማለት ይቻላል፣ የጋሊልዮ ፓራቦላም ይሠራል። ባሊስቲክ ሚሳኤልም በዚሁ ሐሳብ ይሄዳል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚነዳው የለም፤ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው።

ቁጥር 21 ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሲመለስ በተነሣበት ፍጥነት ይመታል አለ። ያው የአየር ጉዳይ። ቁጥር 22 የአሜሪካዊውን የጦር መሣሪያ ባለሙያ የጁልያን ሃቸርን ሙከራ ጠቅሶ አረመው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ሲወድቅ በሰከንድ 90 ሜትር አካባቢ ነው። ያ ራስ ላይ ቢያርፍ ግን ሊገድል ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋው አዘንብሎ የተተኮሰው ነው። እሱ አፍንጫውን አስቀድሞ መብረሩን ስለሚቀጥል ብዙ ፍጥነት ይተርፈዋል። በደስታ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አፈሙዙን በውኃ ልክ አያስተካክልም።

ከ23 ጀምሮ ወሬው ወደ ፍንዳታ ዞረ። አንዲት ጠያቂ የቦምብ ሞገድና የጥይት ሞገድ አንድ ናቸው ወይ አለች። ቁጥር 24 አዎ አላት፣ መነሻው ነው የሚለያየው። ጠንካራ የግፊት ሞገድ ጫፉ ላይ አየሩን ያሞቃል። በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል። ስለዚህ የሞገዱ ጫፍ ፊቱን እየደረሰበት ይሄዳል፤ ሞገዱ እየቆመ እየቆመ ገደል ይሆናል። የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ ይህን ገደል በ1848 ጽፎት ነበር። በኋላ ሌሎቹ የፊዚክስ ሊቆች ኬልቪንና ሬይሊ እንዲህ ከሆነ ጉልበት አይጠበቅም ብለው ሲሞግቱት ወደኋላ አለ። ትክክሉ እሱ ነበር፤ የጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኗል። ትልልቅ ስም ያላቸው ወዳጆች አንዳንዴ እንዲህ ያስከፍላሉ።

ቁጥር 25 እንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለርን አመጣ። ጁላይ 16 ቀን 1945 የተፈነዳው የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ፎቶዎች በኋላ ይፋ ሆኑ። የቦምቡ ጉልበት ግን ምስጢር ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ሰዓትና መለኪያ አለ። በ15 ሚሊ ሰከንድ የእሳቱ ኳስ ራዲየስ 106 ሜትር ገደማ ደርሷል። ቴይለር ራዲየሱን፣ ጊዜውንና የአየሩን እፍጋት ብቻ ይዞ ጉልበቱን አሰላ። ከ17 ሺህ ቶን ቲኤንቲ ጋር የሚመጣጠን መልስ አገኘ፤ በ1950 አሳተመው። ቁጥር 26 በጣም አትደነቁ አለ። በዚያ ስሌት ራዲየሱ አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ራዲየሱን 10 በመቶ ብትስት ጉልበቱን 60 በመቶ ትስታለህ። ልክ ነው፤ ሥራውን ግን አያሳንሰውም። ቦምቡ በፈነዳበት ዕለት የፊዚክስ ሊቁ ፌርሚ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ፣ ሞገዱ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲደርስ ቁርጥራጭ ወረቀት ለቀቀ። 2.5 ሜትር ያህል ሸሹ። 10 ሺህ ቶን ብሎ ገመተ። በወረቀት!

ቁጥር 27 አጭር ናት፤ ከሁሉ የምትጠቅመው ግን እሷ ናት። ፌብሩዋሪ 2013 ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ አለት ሲፈነዳ መጀመሪያ ብርሃን ታየ። ሞገዱ የደረሰው ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። በመሐል ሰዉ ምን እንደሆነ ለማየት መስኮት ጋ ሄደ። ወደ 1,500 ሰው ሕክምና ፈለገ፤ ብዙውን የጎዳው የተሰበረ መስታወት ነው። ኃይለኛ ብልጭታ ካየህ ከመስኮት ራቅ፣ አትቅረብ።

ቁጥር 28 ፈንጂ ስለመሥራት ጠየቀ። አወያዩ ሰረዘው፤ ቁጥር 29 የአወያዩ ማሳሰቢያ ነው። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ጨዋ ሆነ።

ቁጥር 30 ጨረቃ ላይ ቢተኮስስ አለ። ቁጥር 31 ባሩድ ያለ አየር አይነድም ብሎ ቸኮለ። ቁጥር 32 አረመው፤ ባሩድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በውስጡ ይዟል፣ ይተኮሳል። ግን አየር ስለሌለ ሾክ ዌቭም የለም፣ ጯታም የለም፣ ድምታም የለም። እዚያ ጥይቱን የሚሰማ ጆሮ ጨርሶ የለም።

ይህን ጊዜ ቁጥር 17 ብቅ አለ። አየር ከሌለ የኔ ቀመር ይሠራል አለ። በጨረቃ ስበት ሠራው። 315 ኪሎ ሜትር። ደስታው ከጽሑፉ ይነበባል። ቁጥር 18 አልለቀቀውም። 315 ኪሎ ሜትር ላይ ጨረቃ ጠፍጣፋ አይደለችም፤ ራዲየሷ 1,737 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሬቱ ከጥይቱ ሥር ይታጠፋል። መንገዱ ፓራቦላ ሳይሆን የኤሊፕስ፣ የተለጠጠ ክብ፣ ቁራጭ ነው፣ ቀመርህ እንደገና ይሠራ አለው። ቁጥር 17 እሺ፣ ማታ ሠርቼ አመጣዋለሁ ብሎ ወጣ። እስካሁን አላመጣም።